ሁለት ያላጣ ጎመን

ከቹር ከተማ ዳር፣ ራይን ገና ጠጠር ሲያንከባልል፣
ተራራው በሚያዝያ በረዶውን እንዳዘለ ሲውል፣
መስታወት ቤት አለ፤ ውኃ አጠጪው እኔ፣ ዱሪ።
ሰናፍጭ ጎረቤቴ፣ ሰናፍጭ ቀጣሪ።

ላዲና መጣች አንድ ጧት፣ ጓንቷን በጥርሷ እያወለቀች፣
ካንድ ከረጢት ዘር አፍሳ፣ እንደ ርስት ለአራት ከፈለች፦
«ለአንዱ ክፍል ንብ እንልቀቅ፤ ለአንዱ ንብና ትል፤
ሦስተኛውን ያለ ንብ እኔ በብሩሽ ልኳል፤
ለአራተኛው ብሩሽም ትልም ይድረሰው፤
የተረፈውን ዘር ለቅመን ለአፈር እንመልሰው።»
«ስንት ዘመን?» ብላት፣ «ስድስት ትውልድ» አለች።

ስድስት ትውልድ! እኔ ወደ ኋላ ስቆጥር
ምንጅላቴን በአልፕስ በር ጨው በበቅሎ ሲያሻግር
ነው የማገኘው፤ ወደ ፊት ስቆጥር ግን
ማንም የለ። እጄን ታጠብኩና ማሰሮ ደረደርን።

ንቦቹ በፖስታ መጡ፣ በካርቶን፣ እያጉረመረሙ፤
ትሎቹን እኔ በመዳፌ አደልኩ፤ ቅጠል ይመስላል ቀለሙ።

ሰናፍጭ ሲነከስ ዝም አይልም። ከልጅነቱ
እሳቱን ለሁለት ከፍሎ አኑሯል በየቤቱ፤
ጥርስ ግድግዳውን ሲንድ ሁለቱ ይገናኛሉ፤
ያኔ ነው አፍንጫ የሚያስነባ፣ ምላስ የሚለበልብ አመሉ።
እኛ ደግሞ ቋሊማ ላይ ቀብተን፣ እንባችንን እየጠረግን፣
ለትል የተላከ እርግማን እናጣጥማለን።

ነጯ ቢራቢሮ ግን ከጥንት ለምዳዋለች።
ሌላው ሸትቶት ሲሸሽ እሷ ትመጣለች፤
አጥር ብሎ ያጠረውን አድራሻ አድርጋው
እንቁላሏን ትጥላለች፣ ልክ መርዙ ካለው።

ታዲያ ምን ያድርግ? እግር የለው።
ለማርም ለመርዝም የሚቀዳው
ከአንድ እንስራ ነው።

ለንብ ሲደግስ ቅጠሉ ይበላል፤
ለትል ሲመርር ሽታው ይጠፋል፤
ንቧ ደፍ ላይ ደርሳ፣ አሽትታ ትዞራለች፣
መብራት እንደጠፋበት ሱቅ ታልፈዋለች።
ሁለት ያጣ ጎመን! ተረቱ የወጣለት
ለዚህ ይሆን እያልኩ አፈር አለበስኩት።

እኔና ላዲና ቆጠርን። አበባ። ፍሬ። ቀዳዳ።
አራተኛው ትውልድ ሲበቅል ውጭ አመዳይ ነበር በሜዳ።
ንብ ብቻ ያየው ክፍል ቁመቱ ረዘመ፣ ሽታው ቤት ሞላ፤
ብሩሽ የለመደው ሰነፈ፤ ሽቶ ለማን ብሎ? ወገቡ ላላ።
ንብና ትል ያሉበት ግን…

በስድስተኛው ላዲና አጉሊ መነጽሯን ይዛ ጎንበስ አለች።
ብዙ ቆየች።
«ዱሪ፣ ና እይ» አለችኝ። ወንዴው ዘንግ አንገቱን
ወደ ሴቴዋ ሰብሮ፣ በገዛ ዱቄቱ ኳለ የገዛ ቤቱን።
ሻሽ አለበስነው፣ ንብ እንዳትነካው።
በአሥር ቀን ፍሬው ተነፋ፤ ማንንም ሳይጠብቅ፣ ማንም ሳይድረው።

ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። እኔም አንድ ዘመን
ደፌ ድረስ መጥታ የዞረች አውቃለሁ፤ ስሟ ይቅር አሁን።
ቀናሁበት። ለጎመን ቀናሁ፣ አፌ ደረቀ።
«ድል ነው?» አልኳት። እርሳሷን ነከሰች፤ ዓይኗ ራቀ፦
«የራስን ደም ደጋግሞ ማግባት ዋጋ አለው፤
በሽታ አንድ ቁልፍ ካገኘ ሁሉን በር ከፋች ነው።
ድልም አትበለው፣ ሽንፈትም። መኖሪያ ነው።»

ወረቀቷን ሰብስባ በመከር ሄደች። ክፍሎቹ ታጠቡ፤
ማሰሮዎቹ ተገልብጠው ተደረቡ።
ሱሪዬን ደጅ ሳራግፍ ግን ከእጥፋቱ ዘር ወደቀ፣
ከግንቡ ስንጥቅ ገባ፣ በጸደይ ቢጫውን አደመቀ።

ከየትኛው ክፍል እንደሆነ አላውቅም።
በሰኔ ነጯ መጣች።
አላባረርኳትም።
ንብም ትምጣ ብዬ ወንበሬን አውጥቼ
ተቀምጫለሁ፣ ውኃ ማጠጫዬን ጉልበቴ ላይ ትቼ።